ዕፅ በፈተና ላይ፦ ሃይፐሪኩም ለድብርትና ለጭንቀት ያለው ጥቅም፣ በደም መርጋት ረገድ የሚያስከትለው አደጋ

በአውሮፓ ሜዳዎችና የመንገድ ዳርቻዎች በበጋ ወራት ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ዕፅ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ሃይፐሪኩም ፐርፎራተም ነው። ቅጠሉ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል፤ ነጥቦቹ ግን ቀዳዳዎች ሳይሆኑ ዘይት የያዙ ጥቃቅን እጢዎች ናቸው። እምቡጡ በጣት ሲታሽ እንደ ደም የቀላ ፈሳሽ ይወጣዋል። የሚያብበው በምዕራባውያን አቆጣጠር ጁን 24 ቀን የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት ሰሞን በመሆኑ ሕዝቡ የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ እያለ ይጠራዋል። በአገራችን ቅዱስ ዮሐንስ ሲባል መስከረም 1 ቀንና አደይ አበባ በኅሊና እንደሚመጡ ሁሉ፣ በዚያም አገር ቢጫ አበባና የቅዱሱ ስም ተቆራኝተዋል። የጥንት ሰዎች ዕፁን ለቁስል መድኃኒትነት ሲጠቀሙበት፣ በደጃፍ እያንጠለጠሉም ርኩስ መንፈስን ያርቅልናል ብለው ያምኑ ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ ሐኪሞች ለድብርት ሕመም ሲያዙት ኖረዋል።

ይህ ዕፅ ከኢትዮጵያ ምድር የራቀ ቢመስልም ለኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በብዙ የአውሮፓ አገሮችና በሰሜን አሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ በመሆኑ፣ በውጭ የሚኖር ዘመድ «ሐዘንና ጭንቀት የሚያርቅ ቅጠል ነው፣ ኬሚካል የለበትም» ብሎ በሻንጣ ሊያመጣው ወይም በሰው ሊልከው ይችላል። ተቀባዩ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመለትና ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ ከሆነ፣ ያ የዘመድ ስጦታ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። እንዴት ወደዚህ ሊደርስ እንደሚችል ለመረዳት ዕፁ በምን መንገድ እንደተፈተነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በቤተ ሙከራ

አንድ ዕፅ ለድብርት ይጠቅማል ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዕፁ የትኛው ክፍል? በምን የተነጠረ?» የሚል ነው። በውኃ የተፈላ ቅጠልና በአልኮል የተነጠረ አበባ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፤ በውኃ የሚሟሟውና በአልኮል የሚሟሟው ኬሚካል ይለያያልና። በሃይፐሪኩም ታሪክ ይህ ነጥብ ብዙ አሳስቷል። ለረጅም ዓመታት ተመራማሪዎች የዕፁ ኃይል ለእምቡጡ ቀይ ቀለም ከሚሰጠው ሃይፐሪሲን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመነጭ ስለመሰላቸው፣ ፋብሪካዎች ክኒኑን የሚመዝኑት ሃይፐሪሲን 0.3 በመቶ መያዙን በማረጋገጥ ነበር። ኋላ ግን ትኩረቱ ሃይፐርፎሪን ወደተባለው ሌላ ንጥረ ነገር ዞረ። በነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚለቀቁትን ሴሮቶኒንን፣ ኖርአድሬናሊንንና ዶፓሚንን ሕዋሳቱ መልሰው እንዳይስቡ የሚያግደው እርሱ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ በጉልህ ተጽፎ የኖረው ቁጥር ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገውን አይነግረውም ነበር ማለት ነው። ሃይፐርፎሪን በብርሃንና በአየር በቀላሉ የሚበላሽ በመሆኑም የሁለት ፋብሪካዎች ክኒን በስም አንድ ሆኖ በይዘት ሊራራቅ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የእንስሳት ሙከራ ነው። ለድብርት በሰፊው የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1977 በፖርሶልትና በባልደረቦቹ የቀረበው የግዴታ ዋና ፈተና ነው። አይጥ መውጫ በሌለው የውኃ ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ መጀመሪያ ትታገላለች፣ ኋላ ግን ራሷን ከውኃው በላይ ለማቆየት ያህል ብቻ እየተንቀሳቀሰች ትንሳፈፋለች። የድብርት መድኃኒት የተሰጣት አይጥ ለረጅም ጊዜ ትታገላለች። ለጭንቀት ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ መተላለፊያ ይዘጋጃል። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም። አይጥ በተፈጥሮዋ ግልጥ ቦታን ስለምትፈራ በተከለለው ትሸሸጋለች፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ሲሰጣት ግን ወደ ግልጡ ትወጣለች።

እነዚህ ፈተናዎች ርካሽና ፈጣን በመሆናቸው በየዩኒቨርሲቲው ለመመረቂያ ጥናት ይውላሉ። ውጤታቸውን ሲያነቡ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አምፌታሚን የተሰጣት አይጥ ሳትደክም ትዋኛለች፤ ይህም አምፌታሚንን የድብርት መድኃኒት አያደርገውም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ፣ በዚህ ፈተና ብቻ የሚፈርድ ሰው ጫትን ለድብርት ለማዘዝ ምንም አይቀረው። ጠንቃቃ ተመራማሪ ስለዚህ የአይጧን ጠቅላላ እንቅስቃሴ በሌላ ሣጥን ውስጥ ለብቻው ይለካል። በእርግጥም ሃይፐሪኩም በእንስሳት ፈተና ጥሩ ውጤት ካሳዩት ዕፅዋት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ አይጥ ስለ ተስፋ መቁረጥ፣ ስለ ጸጸትና ስለ እንቅልፍ ማጣት አትናገርም፤ ወደ ሰው መሄድ ግድ ነበር።

በሰው ላይ

በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ዋና ጠላቱ በድብርት ሕመም ባሕርይ ውስጥ ያለ ነው። ድብርት በብዙዎች ላይ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይቀላል፤ በየሳምንቱ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሐኪም ማግኘትም ያሻሽለዋል። በዚህም ምክንያት ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን፣ ማለትም ፕላሲቦ፣ ከተሰጣቸው ታካሚዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊሻላቸው ይችላል። እንግዲህ «ቅጠሉን ጠጥቼ ዳንሁ» የሚል ሰው እውነቱን እየተናገረ ቢሆንም፣ ያዳነው ቅጠሉ ስለመሆኑ ምስክርነቱ አይበቃም። ስለዚህ ታካሚዎች በዕጣ ይከፈላሉ፤ ማን ዕፁን ማን ፕላሲቦውን እንደሚወስድ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም፤ የሕመሙ ክብደትም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው መለኪያ በነጥብ ይመዘገባል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 1,757 ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን 23 ሙከራዎች አጠናቅሮ ሃይፐሪኩም ቀላልና መካከለኛ ድብርት ላለባቸው ከፕላሲቦ የተሻለ መሆኑን ገለጠ። ዓለም በአንድ ጊዜ ወደ ዕፁ ዞረ። ነገር ግን ከእነዚያ ሙከራዎች ብዙዎቹ ትንንሾች፣ አጫጭሮችና በጀርመን አገር የተካሄዱ ነበሩ። አሜሪካውያን የራሳቸውን ሙከራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውና 200 ታካሚዎችን ያሳተፈው የመጀመሪያው ጥናት በዕፁና በፕላሲቦው መካከል ልዩነት አላገኘም።

ሁለተኛውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት እስከ ዛሬ ለማስተማሪያነት ይጠቅማል። 340 ታካሚዎች በሦስት ተከፍለው ለ8 ሳምንታት ሃይፐሪኩም፣ ፕላሲቦ ወይም ሰርትራሊን የተባለውን የታወቀ የድብርት መድኃኒት ወሰዱ። ሙሉ ለውጥ ያሳዩት ሃይፐሪኩም ከወሰዱት 23.9 በመቶ፣ ፕላሲቦ ከወሰዱት 31.9 በመቶ ነበሩ። ጋዜጦች «ዕፁ አይሠራም» ብለው ጻፉ። ሦስተኛውን ቁጥር ግን ብዙዎች ዘለሉት፦ ሰርትራሊን ከወሰዱት መካከል ሙሉ ለውጥ ያሳዩት 24.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሌሎች ብዙ ሙከራዎች መሥራቱ የተረጋገጠ መድኃኒት በዚህ ሙከራ ከፕላሲቦ ካልተሻለ፣ ሙከራው ራሱ የሚሠራውን ከማይሠራው የመለየት አቅም አንሶታል ማለት ነው። ሦስተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ ሳይታወቅ ይቀር ነበር። አንድን የአገር ውስጥ ዕፅ ለመፈተን የሚነሣ ሁሉ ከፕላሲቦ ሌላ የታወቀ መድኃኒት የሚወስድ ቡድን እንዲያካትት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ወጪው ቢጨምርም።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ መልሶ አጋደለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን 251 መካከለኛና ከባድ ድብርት ያለባቸው ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ ዕፁ ከፓሮክሴቲን እንደማያንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 5,489 ታካሚዎችን የያዙ 29 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ሃይፐሪኩም ከፕላሲቦ የሚሻል፣ ከተለመዱት የድብርት መድኃኒቶች ጋር የሚመጣጠን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ከእነርሱ ያነሰ ነው ሲል ደመደመ። ግምገማው አንድ የሚያስገርም ነገርም አልሸሸገም፦ ጀርመንኛ ተናጋሪ በሆኑ አገሮች የተካሄዱት ሙከራዎች ከሌሎቹ ይልቅ ዕፁን የሚያሞግስ ውጤት አሳይተዋል። የታካሚዎቹ ዓይነት ይለያይ ይሆናል፤ ሕዝቡ ለዘመናት ያመነበት ዕፅ መሆኑም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ለጭንቀት ሕመም የተገኘው ማስረጃ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች፣ አንዱ ከሰው ፊት መቅረብን በሚፈሩ 40 ሰዎች፣ ሌላው በተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት በሚሠቃዩ 60 ሰዎች ላይ ተካሂደው፣ ዕፁ ከፕላሲቦ አልተሻለም። ለድብርት የሠራ ለጭንቀትም ይሠራል ብሎ መገመት ቀላል ቢሆንም ፈተናው ግምቱን አልደገፈውም።

ከደም መርጋት ጋር ያለው ግንኙነት

ዕፅና የደም መርጋት ሲነሡ አስቀድሞ የሚወሳው ሌላ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ጀመር። ከብቶቹ የበሉት ስዊት ክሎቨር የተባለ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሻጋታ የያዘው ድርቆሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ክረምት በዊስኮንሲን አንድ ገበሬ የሞተች ጊደርና የማይረጋ ደም የሞላበት የወተት ገንቦ ይዞ፣ በበረዶ ውሽንፍር መካከል ወደ ካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። ሊንክና ባልደረቦቹ በ1939 መርዙን ለይተው አወጡ፤ ስሙንም ዲኩማሮል አሉት። ለድርቆሹ መዓዛ የሚሰጠው ኩማሪን በራሱ ደም አያቀጥንም፤ ሻጋታው ነው ወደ ዲኩማሮል የሚለውጠው። ከዚሁ ምርምር የወጣው ዋርፋሪን በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ቀረበ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ።

ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን እንዳያዘጋጅ በማገድ ነው። ልኩን ለማወቅ ከታካሚው በሚወሰደው ደም ላይ የመርጋት ሂደቱን የሚያስጀምር ቅመም ተጨምሮ ለመርጋት የፈጀበት ጊዜ በሰኮንድ ይቆጠራል፤ ውጤቱም አይ ኤን አር በተባለ ዓለም አቀፍ መለኪያ ይገለጻል። የጤነኛ ሰው ልክ 1 አካባቢ ነው። በግራ ልብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት ታካሚ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ከዚያ ሲወርድ በቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲወጣ ደግሞ ታካሚው ይደማል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጎመን እንኳ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ በጾም ወራት አመጋገቡን በድንገት የሚለውጥ ታካሚ ልኩ ሊዛባበት ይችላል።

ሃይፐሪኩም የሚገባው በዚህ መካከል ነው። ሃይፐርፎሪን በጉበትና በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋር ሲጣበቅ፣ መድኃኒቶችን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችና መድኃኒትን ከሕዋስ ወደ ውጭ የሚገፉ ፕሮቲኖች በብዛት እንዲመረቱ ያዝዛል። ሰውነት ዕፁን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የጽዳት ሠራተኞቹን ያበዛል ማለት ይቻላል፤ የበዙት ሠራተኞች ግን ዕፁን ብቻ ለይተው አያስወግዱም። ዋርፋሪኑም አብሮ ይሰባበራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዋርፋሪን በሚወስዱ 7 የስዊድን ታካሚዎች ላይ ዕፁን ከጀመሩ በኋላ አይ ኤን አራቸው መውረዱ ተዘገበ። በዚያው ዓመት በዙሪክ ልብ የተተካላቸው ሁለት ታካሚዎች ዕፁን በመውሰዳቸው የሳይክሎስፖሪን መጠን በደማቸው ውስጥ ወርዶ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ መቃወም ጀመረ። ኢንዲናቪር በተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ላይ የተደረገው ጥናትም ሰውነት የሚያገኘው የመድኃኒቱ መጠን 57 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የወሊድ መከላከያ ክኒንና ዲጎክሲን፣ በአሁኑ ጊዜ በአገራችን በሰፊው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ከዚህ አያመልጡም። ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ደግሞ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ በዝቶ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የአእምሮ መረበሽ ያስከትላል።

«ታዲያ ዋርፋሪኑ በአዲስ መድኃኒት ቢተካስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው እነዚህ አዳዲስ መድኃኒቶች አልተፈቀዱም። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ የልብ ምታቸው ለተዛባ ታካሚዎችም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና ከ4,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹ ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ሞትን እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። ሪቫሮክሳባን ራሱም ቢሆን በሃይፐሪኩም ይዳከማል። የሩማቲክ የልብ ሕመም በብዛት በሚገኝበት በአገራችን ዋርፋሪን ገና ለብዙ ጊዜ የሚያስፈልግ መድኃኒት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ሃይፐርፎሪኑ የተቀነሰለት ንጥር ተዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በ324 ታካሚዎች ላይ ከኢሚፕራሚን ጋር ተወዳድሮ አቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኢንዛይሞችንም እንደ ሌላው አያነቃቃም። ሃይፐርፎሪን የዕፁ ኃይል ምንጭ ነው የተባለውን ሐሳብ ይህ መልሶ ያናጋዋል። ከደርዘን በላይ ንጥረ ነገሮች በአንድ ቅጠል ውስጥ ሲሠሩ ማን ምን እንደሠራ ለይቶ ማወቅ ይህን ያህል ከባድ ነው።

ስለ አገራችን ዕፅዋት

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች ጭምር፣ አሜጃ የሚባለው ባለቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሃይፐሪኩም ሬቮሉተም ስለሆነ የአውሮፓው ዕፅ የሥጋ ዘመድ ነው። ዝምድናው ግን አንዱን በሌላው ለመተካት ፈቃድ አይሰጥም፤ በአንድ ወገን ውስጥ ያሉ ዕፅዋት በኬሚካል ይዘታቸው እጅግ ይለያያሉ።

ጊዜዋም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በአገራችን ቡዳንና ክፉ መንፈስን ለማራቅ የሚታጠነው ይህ ተክል፣ በሕንድ አሽዋጋንዳ ተብሎ ሥሩ ለዘመናት በመድኃኒትነት ሲሠራበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕንድ 64 ሰዎች የተሳተፉበትና 60 ቀን የፈጀ ሙከራ የሥሩ ንጥር ውጥረትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሌላ በኩል በጉበት ላይ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ዴንማርክም በ2023 ሽያጩን ከልክላለች። በሕንድ የተፈተነው የሚዋጥ የሥር ንጥር ሲሆን በአገራችን የሚሠራበት ጢስ ነው፤ ስለዚህ የዚያ ጥናት ውጤት ለዚህ ልማድ ምስክር ሊሆን አይችልም። ለብቻው መፈተን አለበት፤ ሊፈተንም ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ካጠቡበት የእንዶድ አረፋ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ወደ ቤተ ሙከራ እንደወሰዱት ሁሉ፣ መነሻው የሕዝቡን ልማድ በጥንቃቄ ማየት ነው።

እስከዚያው በክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አጠያየቅ ነው። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ታካሚ ብዙውን ጊዜ «የለም» ይላል፤ ሻይ፣ ቅጠልና ከውጭ የመጣ ክኒን በእርሱ ዘንድ መድኃኒት አይባሉምና። «ከሐኪም ሌላ ሰው የሰጠዎት፣ የሚጠጡት፣ የሚታጠኑት ወይም ከዘመድ የተላከልዎት ነገር አለ?» ሲባል ግን መልሱ ይለወጣል። ጥያቄው ያለ ቁጣ መቅረብ ይኖርበታል፤ የተቆጡት ታካሚ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል። ከጥያቄው ጀርባ ያለው ሐዘንም ሊታለፍ አይገባም። የልብ ሕመምተኛው ዕፁን የፈለገው ድብርት ስለያዘው ሊሆን ይችላልና፣ ከዋርፋሪን ጋር ብዙም የማይጋጭ ሕክምና ሊፈለግለት ይገባል።

ዕፁን እየወሰደ የተገኘ ታካሚም «ዛሬውኑ ተወው» ተብሎ ብቻ አይሸኝም። የበዙት ኢንዛይሞች ወደ ቀድሞ ልካቸው የሚመለሱት ዕፁ ከቆመ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ነው። አይ ኤን አሩ ወርዶ የታየ ሐኪም ምክንያቱን ሳያውቅ የዋርፋሪኑን መጠን ከፍ አድርጎለት ከነበረ፣ ዕፁ ሲቆም ያ ከፍ ያለ መጠን ቀስ በቀስ ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ደሙ በየጥቂት ቀኑ እየተመረመረ የዋርፋሪኑ መጠን ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል፤ ታካሚውም ድዱ ቢደማ፣ ሽንቱ ቢቀላ ወይም ሰገራው ቢጠቁር ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመጣ ይነገረዋል።